የእትዬ ከድጃ ሦስት ውጤቶች

ልጅ ሳለሁ የተረት ሰዓት ሲደርስ ሌሎቹ ልጆች ወደ ፍሙ ይጠጉ ነበር፤ እኔ ግን የምጠጋው የተረት ነጋሪዋን ፊት በደንብ ወደማይበት ቦታ ነበር። ይህን ጠባይ ከአባቴ ሳልወርሰው አልቀረሁም። አባቴ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሱና ጎረቤቶቹ ሲሸጡ እያየሁ ሳድግ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ «በመግዣዬ ነው የሰጠሁሽ» የሚል ነጋዴ የገዛበትን ትክክለኛ ዋጋ ተናግሮ እንደማያውቅ ነው። መጀመሪያ የገዢዋን ፊት ያያል፣ ዝቅ ብሎ ጫማዋን ያያል፣ ከዚያ ለእሷ የሚስማማ መግዣ ይፈጥርላታል። ገዢዋም ደስ ብሏት ትሄዳለች።

የግቢያችን ተረት ነጋሪ እትዬ ከድጃ ነበሩ። መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ፤ ባል አላገቡም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ ግን የእሳቸው ልጅ ነበር። ክረምት ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ሲመጡ በረንዳቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው የበቆሎ እሸት ይጠብሱልናል። ያኔ ዝናብ በጣለ ቁጥር መብራት ይጠፋ ስለነበር ፋኖስ ይሰቀላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፍሙ ላይ የምንጥለው ቆረቆንዳ እየጨሰ ዓይናችንን ያስለቅሳል፣ እሳቸውም የጦጣውንና የጅቡን ተረት ይጀምራሉ። ከግቢው ልጆች የአንዱ የማትሪክ ውጤት የመጣ ቀን ግን ጦጣና ጅብ ይቀሩና የራሳቸውን የማትሪክ ውጤት ይነግሩናል።

መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤታችን ልጅ ሙኒር ያለፈ ጊዜ ነው። ሙኒር አልፎም ፊቱ አልፈካም፤ ቤቱን ጥሎ ሩቅ አገር መሄዱ አስፈርቶት ነበር።

«እኔም እንዳንተ አልፌ ነበር» አሉት እትዬ ከድጃ። «እናቴ ታመመችና ሱቁን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ቀረሁ። አንተ ግን ሂድ የኔ ልጅ፣ ዞር ብለህም አትይ።»

ሙኒር ሄደ። በሚቀጥለው ክረምት እህቱ ሰዓዳ ወደቀች። ስታለቅስ ውላ አመሻሽ ላይ ከፍሙ ዳር ተቀመጠች። እትዬ ከድጃ ደህና አድርጎ የበሰለውን በቆሎ መርጠው ሰጧትና፣ «እኔም ወድቄ ነበር» አሉ። «ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ሱቅ ከፈትኩ። ይኸው፣ ሞትኩ?»

ሰዓዳ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«እትዬ ከድጃ፣ አምና አልፌ ነበር አላሉም እንዴ?»

አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እትዬ ከድጃ በቆሎውን አገላብጠው፣ «አንቺ ልጅ፣ የሰው መግዣ ትጠይቂያለሽ!» አሉና ሳቁ፤ ሁሉም አብሮ ሳቀ። የእሳቸው ዓይን ግን ከፍሙ ላይ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አላመንኳቸውም። የጅቡን ተረት እንኳ ካለፈው ጋር እያስተያየሁ ነበር የምሰማው። አንዳንዴ እንዲያውም ፈተና የሚባል ነገር ተፈትነው አያውቁም እል ነበር። እየጠረጠርኳቸው ግን እወዳቸው ነበር፤ ለዚህም ነው ነገሩ ያናድደኝ የነበረው።

የእኔ ተራ ደረሰ። አባቴ ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል፤ ካለፍሽ ትማሪያለሽ፣ ካላለፍሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ። ውጤት መውጣቱ የተሰማ ዕለት አመሻሽ ላይ እትዬ ከድጃ በረንዳ ሄድኩ። ማንም ሌላ ሰው አልነበረም።

«ወጣ አሉ፤ እንዴት ሆነልሽ ፎዚያ?»

«መጀመሪያ የእርስዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ይህን ለረጅም ጊዜ ነበር ያሰብኩበት። የገዢውን ፊት ማንበብ ካልቻሉ ዋጋ መጥራት አይችሉም። አባቴ ዋጋ ሲከራከር እንደሚያደርገው፣ ምንም እንዳይነበብበት ፊቴን ዘጋሁ። እሳቸው ፋኖሱን ከፍ አድርገው ብዙ አዩኝ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ በመጨረሻ። «አላየሁትም። ውጤት የተለጠፈ ቀን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄጄ ተመለስኩ። ወድቄ ከሆነ አባቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ? አልፌስ ከሆነ የታመመች እናቴን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ? ነገ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ ስል ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።»

እኔም አላየሁትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ካፌው በር ድረስ ሄጄ ፈርቼ ተመልሻለሁ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም። ታዲያ በዘጋሁት ፊቴ ላይ አንብበውት ነው? ለሙኒር አላፊ፣ ለሰዓዳ ወዳቂ፣ ለእኔ ደግሞ ያላየች ሴት ፈጠሩልኝ ማለት ነው?

«ይሄንንም ለእኔ ብለው ነው የፈጠሩት!» አልኳቸው በንዴት።

አልተቆጡኝም። «ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» ብቻ አሉ።

ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ አብረን ካፌው ወዳለበት ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድን። የካፌው ልጅ ቁጥሬን ሲጽፍ እትዬ ከድጃ ጀርባቸውን ለኮምፒውተሩ ሰጥተው መንገዱን ማየት ጀመሩ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት እንኳ እሳቸውን ነበር የማየው። ፊታቸው ምንም አይልም። የሻርፓቸውን ጫፍ ግን ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉና ይፈቱ ነበር።

«አልፈሻል» አለ ልጁ።

ጮህኩ። እትዬ ከድጃ እልል ብለው አቀፉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ለቀቁኝና ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው በቀስታ፣ «የእኔንስ አያሳይም?» አሉት።

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «የእርስዎ ዘመን እዚህ ውስጥ የለም፣ እማማ።»

እሳቸውም ሳቁ። «ለጨዋታ ነው» አሉና ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምሳ ላይ ሰው ሁሉ የማትሪክ ውጤቱን ያወራል። አንዱ ለትንሽ ነው ሕክምና ያመለጠው፣ ሌላዋ ታማ ነው የተፈተነችው፣ ያልተበደለ የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን የአባቴን አባባል በሆዴ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። እትዬ ከድጃ ከእኔ በኋላም ለስንቱ ልጅ አልፈዋል፣ ለስንቱ ወድቀዋል፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ያን ጠዋት «ለጨዋታ ነው» ያሉትን ግን እስከ ዛሬ አላመንኳቸውም።