በብሩክ እናት ደጅ

ብሩክና እኔ ሥልጠና አብረን የወሰድን ፕሮሰስ ኢንጂነሮች ነን። በምሥራቅ በረሃ ከጉድጓድ የወጣ ጋዝ ከውሃ እየለየን እናጣራለን። ዓመት ፈቃድ ስወጣ ብሩክ ለእናቱ ቴምር ላከ። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጃኬት እንኳ ሳልቀይር፣ ገና ሲነጋጋ ቀራንዮ ሰፈር ሄጄ የቤታቸውን በር አንኳኳሁ።

እናቱ ከፍተው ጃኬቱን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ። «ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

በዚያ ሰዓት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው ብለው ነው።

«እማማ፣ ብሩክ ደህና ነው፤ ቴምር ልኮልዎት ነው» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። ብሩክ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። የእሳት ፍንጣሪ ስለሚፈራ ማጣሪያው ውስጥ ስልክ አይገባም ብዬ ባስረዳ ለቅሶው ጭራሽ ባሰ።

ከስንት ጭንቅ በኋላ ብሩክ መልሶ ደወለ። ስልኩን ለእናቱ ሰጠኋቸው። ድምፁን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ለቅሶው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ጎንበስ ብለው «ዛሬ ይቅር፣ እዚህ ሲመጣ ይሻላል» አሏቸው።

እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ አንተ ካለህልኝ ከእንግዲህ አልደብቅህም። አባትህን ከቀበርን ሰነበትን።»