ለታላቄ የሚጠብቅ ሞላ

በኮሮና ጊዜ በረራ ሲቆም አረብ አገር፣ አል አይን ከተማ፣ ልጄ ዘንድ ቀረሁ። አንድ ቀን ሰናይያ ወደሚሉት የጋራዦች ሰፈር ወስዶኝ ለሞተር ሳይክሉ አዲስ የኋላ ሞላ አስገጠመ። መካኒኩ፣ «ሞላው ይሸከማል፣ ዘይቱ መንጠሩን ያበርዳል» አለን። ልጄ የሞላውን ቀለበት በቁልፍ ሲያዞር ቀጭ ቀጭ አለ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ታላቅ ወንድሜን በሞተር ሳይክሉ ከኋላ ሊያፈናጥጥ ሲል፣ ክብደቱን እንዲችል ሞላውን ያጠብቅለት ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ በቅናት እበግናለሁ።

«ለኔስ?»

«አንተ ገና ላባ ነህ፤ ለላባ ሞላ አይጠብቅም።»

ስለማይወደኝ መሰለኝ።

«ምን እያረግክ ነው?» አልኩት ልጄን።

«እያላላሁልህ ነው አባባ። ለሚስቴ ነው የማጠብቀው። አንተ ከስተሃል፣ ከጠበቀ ያንገጫግጭሃል።»

ያ ቅናት ተነሳብኝ። «ለሷ እንደምታጠብቀው አጥብቀው ብያለሁ!»

አጠበቀው። እስከ ቤት ወገቤ ሲንገጫገጭ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።