የአብዲ ሳንቡሳ አፋልጉኝ

ፈትያ በድምፅ የላከችልኝን መልእክት የሰማሁት እዚህ ኩዌት፣ ሱብሒ ሰግጄ ምንጣፌን ሳላጥፍ ነው። «አዴ ሞሚና ወደ አኼራ ሄደች» አለችኝ። ኢና ሊላሂ አልኩ። ልጇን እንደጠበቀች ሞተች።

ያኔ ድሬዳዋ ሳለሁ ፈትያና እኔ ከዚራ ሰፈር አጠገብ ኢንተርኔት ቤት እንሠራ ነበር። ከቀትር በኋላ ድሬ በሙቀት ጭልጥ ብላ ስትተኛ፣ እኛ የቀዘቀዘ የዘይቱን ፍሬ እየበላን ኮምፒውተር ላይ ነን። የጎረቤታችን የአዴ ሞሚና ልጅ አብዱረህማን በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። አፋልጉኝ የሚል ገጽ ሠራንለት። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ስለ ጠፉ የድሬ ልጆች ሲፈልጉ ገጻችን ይመጣላቸዋል። ፈትያ ገጹን ስንት ሰው እንደጎበኘው የሚያሳየውን ቁጥር ማንበብ ታውቅ ስለነበር ነገረችኝ፤ አርእስቱን የሚያየው ብዙ፣ የሚከፍተው ከስንት አንድ ነው።

«ለማስታወቂያ የምንከፍለው የለንም» አለች። «አርእስቷ ካላስቆመችው ሰው ያልፋል። አብዱረህማንን ማን ያውቀዋል? አብዲ ሳንቡሳ በዪው!»

በልጅነቱ ሳንቡሳ ሸጧል፤ ከተማው የሚያውቀው በዚሁ ነው። እናቱ ግን ተቆጣች።

«ወላሂ አይሆንም! አባቱ ዱዓ አስደርጎ ያወጣለትን ስም ትታችሁ በጥብስ ትጠሩት?»

«አዴ፣ በመታወቂያ ስሙ የሚፈልገው ፖሊስ ብቻ ነው» አለቻት ፈትያ።

ሳቋ አመለጣት። ልጇ ከጠፋ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አርእስቱን «አብዲ ሳንቡሳን ያያችሁ፣ እናቱ ትጠይቃለች» አልነው።

የሚከፍተው ሰው በዛ። አዴ ሞሚና በየቀኑ እየመጣች «ዛሬስ?» ትላለች፤ ጨምሯል ስንላት ፊቷ ይበራል። አንድ ቀን ፈትያ ሰዎቹ ምን ብለው እየፈለጉ እንደሚመጡ አየችና ስክሪኑን አዞረችልኝ። የሌሎች ልጆች ስም ነበር። ከመልካ ጀብዱ፣ ከሐረር፣ የየራሳቸውን የጠፋ ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች «እናቱ ትጠይቃለች» የሚለውን አይተው ነው የከፈቱት። እኛ ደስ ያለን በሰው ሐዘን ነበር።

ስንነግራት አዴ ሞሚና «ለነሱም ዱዓ አድርጉ። ገጹን አታጥፉት» አለችን።

ቆይቶ አንድ ወጣት ገጹ ላይ ባለው የአዴ ሞሚና ስልክ ደወለ። «ጀልባዋ ላይ አብረን ነበርን» አለ። «እናቱ ነኝ፣ የኔ ልጅ፣ ንገረኝ» ስትለው ዘጋው። ሁለተኛ አልደወለም።

ስደትን ራሴ ከቀመስኩ ወዲህ አልፈርድበትም። ለእናት እንዴት ብሎ ይናገረው?

ጀልባዋ ላይ የነበራችሁ፣ ከእንግዲህ የምትፈሩት የእናት ጆሮ የለም። ለአላህ ብላችሁ ለእኛ ንገሩን፤ ባሕር ወሰደው ወይስ አፈር አገኘ? አፈር ካገኘስ፣ የጀናዛ ሶላት የሰገደበት ሰው ነበር?