ፊቱ ያረጀ፣ ጀርባው ያልተነካ

እስቲ ይህን የኮፍያ ዓርማ ተመልከቱት። የናስ ንስር ነው፤ ክንፉ ላይ አሥራ ስምንት ላባ ነበረው። አሁን ዶሮ መስሏል፤ ያውም የተነጨች ዶሮ!

የሠራው ጎረቤቴ ነው፤ ሰፈሩ «ሞረዱ» ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር አጎንብሶ፣ ቀልጦ ከቅርጹ የወጣውን ናስ ላባ በላባ በሞረድ ያጠራል። ደንበኞቹ የቅዳሜ ወታደሮች ናቸው። አዘቦቱን ፀጉር ሲያስተካክሉ፣ ሲያስተምሩ፣ መድኃኒት ሲሸጡ ሰንብተው ቅዳሜ ኮፍያ ደፍተው የሚሰለፉ በጎ ፈቃደኞች። ከእነሱ ሌላ ደንበኛ የለውም።

ባለፈው ሳምንት እኔ ባለሁበት ሻለቃቸው መጥቶ ሃምሳ ዓርማ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። ሌላ ሠሪ ልንፈልግ ነው።»

ሞረዱ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። ከእነሱ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓርማውን በአሸዋ ሲፈትግ በዓይኔ አይቻለሁ። «ምን ነካህ?» ብዬ ስጠይቀው «የሚያብረቀርቅ ያደረገ ጀማሪ ነው ይሉታል» አለኝ። ምሽግ ቆፍሮ የማያውቅ ሁሉ የጦር ሜዳ ሽማግሌ ሊመስል! ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ፀጉሬን የሚቆርጠኝ እሱ ነዋ።

ሞረዱ ግን አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ጀርባው ትናንት የተሠራ ይመስላል።

«ሻለቃ ልጄ፣ ዝናቡም ፀሐዩም ጀርባውን ፈርተውት ነው?»

ሻለቃው አንድ በአንድ እየገለበጠ ሳቁ አመለጠው። «እነዚህ ጉዶች! ቅዳሜ አሳያቸዋለሁ!»

«እስቲ ያንተንም ወዲህ በለው።»

«የኔን ይተዉት ጋሼ…»

«አምጣው እንጂ!»

ኮፍያውን አውልቆ ሰጠው። ሞረዱ ዓርማውን ገለበጠ። ጀርባው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ… ትንሽ ብቻ ነው ያሸሁት።»

«ትንሽማ ነው፤ አንድ ክንፍ ተርፎታል!»

ሻለቃው ሌላ ሠሪ የሚለውን ነገር ዳግም አላነሳም። ሃምሳ አንድ አዲስ አዝዞ ሄደ። ሃምሳ አንደኛዋ ለማን እንደሆነች አልጠየቅነውም።

ሞረዱ ይኸው መስኮቱ ሥር ላባ እያጠራ ነው፤ ወገቡን እየያዘ። አንተ ቅዳሜ የምትሰለፍ ወንድሜ፣ አሸዋውን አስቀምጥ። ማስረጀቱን ለዕድሜ ተውለት፤ ላባውን ደግሞ ለንስሩ።