ዳምጤ፣ ብስክሌቱና አሥራ ሁለቱ ሎሚዎች

ወንድሟ ዳምጤ የሸጊቱን ልብ የማያደርቀው ተኝቶ ሲያንኮራፋ ብቻ ነበር። ከነቃማ መከራ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ቅልጥሙ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ብስክሌቱን ከጎጆው ያወጣል። ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፣ እንደ በቅሎ ደባብሶ ይወጣባታል። ፍሬን የሚባል ነገር የላትም። ማቆም ሲፈልግ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማውን የፊት ጎማዋ ላይ ይጭናል፤ ጫማው ሲጢጥ ይላል፣ አቧራው ይነሳል፣ ብስክሌቷም ደስ ካላት ትቆማለች፣ ካላላት ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች።

«አያ፣ በዚህ ዕድሜህ ወድቀህ ብትሰበር ማን ሊያነሳህ ነው?»

«ብስክሌቴ።»

«እሷንስ ማን ያነሳታል?»

«እኔ ነኛ!» ይልና ቁልቁል ይለቃታል።

የሚሄደው ወደ መጠለያው ነው። የዳምጤ አትክልት በሱዳን ምድር፣ ከሸዋክ በታች በአትባራ ወንዝ ዳር ሲሆን መጠለያው ከዚያ የአንድ ሰዓት የብስክሌት መንገድ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ያ ሜዳ ከረሃብ በሸሸ ሰው ተሞልቶ ነበር። እህል በስፍር ይታደላል፤ ከእህል በቀር ግን ሌላ የለም፣ ስለዚህ የሕዝቡ ድድ ይደማ፣ ጥርሱ ይነቃነቅ ጀመር። የመጠለያው ነርስ ሳፊያ አንድ ቀን የዳምጤን ብስክሌት መንገድ ላይ አስቁማ፣ «አባቴ፣ ሎሚህን ለገበያ አትስጥብኝ፤ ለእነዚህ ልጆች አምጣልኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለቱ የሎሚ ዛፎች የሳፊያ ሆኑ።

ስለ ሎሚዎቹ ሸጊቱ አትከራከረውም። ራሷ ጥር ላይ ከበለሳ ተነስታ በእግሯ መተማን አልፋ ስትደርስ፣ ጥርሶቿ በድዷ ላይ እንደ ላላ ካስማ ይወዛወዙ ነበር። ወንድሟ እንደ ሕፃን አፏን አስከፍቶ ሎሚ ጨምቆባት ነው የዳነችው። ስለ ሌላው ሁሉ ግን ትከራከረዋለች፤ የምትከራከርበትም አላጣችም።

ለምሳሌ የጦጣዎቹ ነገር። ዳምጤ በአጥሩ ጥግ አንድ መደብ አደንጓሬ የዘራው ለእነሱ ነው።

«ሰው እየራበው ለጦጣ ድርሻ!»

«ድርሻቸውን ካልሰጠኋቸው የእኔን ይወስዳሉ፣ እታለም። አሁንም የሚሰርቁኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱንም አውቃቸዋለሁ።»

በዚያ ዓመት የተሰደደው ሰው ብቻ አልነበረም። ዝንጀሮው ከተራራው ወርዷል፣ ጅግራው ከሜዳው ጠፍቶ ወንዙ ዳር ሰፍሯል፣ ጃርቱ የስኳር ድንቹን መደብ እንደ መቃብር ቆፋሪ ሲገለብጠው ያድራል። ከሁሉ የባሰው ከርከሮው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭራውን ቀጥ አድርጎ እንደ ባለርስት ዱባው ውስጥ ይገባል። ሸጊቱ በድንጋይ ስታባርረው ትቃጠላለች፤ አገር ተርቦ ያ ሁሉ ሥጋ በሁለት እግሯ መካከል ሾልኮ ያመልጣል፣ ክርስቲያኑም አይበላው፣ እስላሙም አይበላው። ዳምጤ ይስቃል፤ «ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ተይው» ይላል።

ሱዳን የመጣው ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብሎ ነበር፣ በሃምሳ ዓመተ ምሕረት። አጨዳው አልቆ ገዳሪፍ ሲገባ አንድ የመንግሥት ሰው በብስክሌት ሲያልፍ አየ። እዚያው ቆሞ ቀረ። በአርባ አንድ ዓመቱ ብስክሌት ተማረ፤ ከዚያ በኋላ አገር ቤት መግባት ዛሬ ነገ ሲል ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። አንድ ጊዜ ብስክሌቱን ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ ላከ። እናታቸው ፎቶውን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ አየችና፣ «እሰይ፣ አገባ ማለት ነው» አለች። ሸጊቱ ይህን ስትነግረው እንኳ የሚያፍር መስሏት ነበር፤ እሱ ግን «አልተሳሳተችም» ብሎ ሰንሰለቷን ዘይት መቀባት ጀመረ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

መጋቢት ሲገባ ወንዙ መፍሰሱን ተወ። እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ብቻ ሆነ። አትክልቱ የሚጠጣው ከአጠገቡ ያለው የማንጎ እርሻ ባለቤት ከሆኑት ሐጂ ፓምፕ ነበር፤ ዳምጤ ማንጎውን ይጠብቅላቸዋል፣ እሳቸውም በምላሹ የወንዙን ዳር ጥግና በሳምንት ሁለት ቀን የውሃ ተራ ሰጥተውታል። ተራውን የሚያከፋፍለው አደም የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ለማንም ክፉ የማያስብ።

አንድ ማክሰኞ ዳምጤ መጠለያው ሄዶ ሳለ፣ ይኸው አደም በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ሸጊቱ የሽንኩርት መደብ ትኮተኩታለች።

«ያ ሓጃ! ቡክራ ማፊ ሞያ!» ብሎ ጮኸ። ቀና ስትል ቦዩን በጣቱ አሳያት፣ ሁለት እጁን ገለበጠና፣ «ማፊ ሞያ! ማፊ ኩሉ ኩሉ!» አለ።

ሸጊቱ ከመጣች ሁለት ወር አልሞላትም፤ ከአትክልቱም ወጥታ አታውቅም። ማፊ ማለት የለም እንደሆነ ግን ታውቃለች፤ ስደተኛ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል እሱ ነው። ሞያንማ ማን ያስተምራታል! የበለሳን ሴት ድሃ ብትላት ትታገሣለች፣ መልከ ጥፉ ብትላት ትስቃለች፤ ሞያ የላትም ካልካት ግን ጦር አነሳህ ማለት ነው። ያውም በኮተኮተችው መደብ ላይ ጣቱን እየቀሰረ!

«እኔን ነው ሞያ የለሽም የምትለኝ? አንተ ግንድ! አንተ አጥር ዘላይ! የእናትህን ቤት ሞያ ሄደህ እይ!» አለችና የጨበጠችውን ጓል ወረወረችበት። ሁለተኛው ደረቱን አገኘው። አደም ጥምጣሙን ይዞ ሸሸ፤ እየሸሸም ዞር ብሎ ቦዩን አሳያት፤ ሦስተኛው ጓል ሲመጣ ግን ጠፋ።

ዳምጤ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ድሏን ነገረችው። ገና ሳትጨርስ ሳቁ ፈነዳ፤ ብስክሌቷን ለቀቃት፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

«እታለም፣ ሞያ በእነሱ ውሃ ነው! ነገ ውሃ የለም ነው ያለሽ!»

«ታዲያ ውሃን ውሃ አይሉትም? የሰው ቃል ምን አሰረቃቸው!»

ሊመልስላት አፉን ከፈተና ቦዩን አየ። ደርቋል። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ብስክሌቷን አንስቶ ወደ ፓምፑ ከነፈ። ወሬውን ይዞ ሲመለስ እየገፋት ነበር። የፓምፑ ናፍጣ አልቋል፤ መኪናው ከገዳሪፍ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል። አደም የመጣው «ዛሬ የቀረችዋን ውሃ ሁሉ ውሰጂ፣ ቦይሽን ክፈቺ» ሊላት ኖሯል። እሷ በጓል ስታባርረው ውሃው ወደ ታችኛው አትክልት ሄደ።

«አልተቆጣህባትም ወይ አልኩት። ‹ክንዷ ጠንካራ ነው› አለኝ» አለ ዳምጤ።

ሸጊቱ ጓሉን በዶማዋ እየፈረካከሰች ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ሎሚ በዚያ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ያለ ውሃ አይቆምም። ስለዚህ ዳምጤ በብስክሌቷ ግራና ቀኝ የዘይት ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ከኩሬው ውሃ ያመላልስ ጀመር። «ውረድና ግፋት!» ትለዋለች። «ከተጋለበች ትፈጥናለች» ይላል። በሦስተኛው ቀን ከወንዙ አፋፍ ቁልቁል ሲለቃት ጫማው አልያዘለትም። ብስክሌቷ ምንም አልሆነች፤ የእሱ ጉልበት ግን እስከ ማታ ቅል አከለ።

«ብያለሁ!» አለች ሸጊቱ፣ ጉልበቱን በነጠላዋ ቅዳጅ እያሰረች። «አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«አላልኩም ወይ?»

«ኧረ ብለሻል! አሁን ቀስ በይ።»

ከዚያ ወዲያ ውሃ ማመላለሱ በእሷ ላይ ወደቀ። ብስክሌቷ ስትገፋ እንኳ ተንኮለኛ ናት፤ ፔዳሏ ቅልጥም ይመታል፣ መሪዋ ወደፈለገችው ይዞራል። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው፤ ሸጊቱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅንጣት አትቀምስም። ዳምጤ ከማንጎው ጥላ ሥር ተጋድሞ ያዛታል።

«ኩሬው ውስጥ አዞ አለ፤ ዝም ብለሽ እንዳትገቢ።»

«ይኸን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

«ጦጣዎቹን ጠብቂ። እነሱ ከጠጡበት ቅጂ፤ እነሱ ከሸሹበት ሽሺ። ጆሮዋ የተቆረጠውን አሮጊቷን እያት፣ ሁሉን የምታውቅ እሷ ናት።»

እናም ሸጊቱ፣ ድግስ ላይ አርባ ሴት ታዝ የነበረች ሴት፣ በኩሬ ዳር ቆማ የጦጣ ተራ ጠበቀች። ጆሮ ቆራጣዋ መጣች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከላይኛው ቋጥኝ ሥር ጠጣች። ሸጊቱ እየተራገመች ከዚያው ቀዳች። ከታችኛው ዳር አንድ ግንድ መስሏት የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ሲገባ አየችና እርግማኗን አሳጠረች።

በቀን ሃያ ቆርቆሮ፤ ከዚያ በላይ አቅሟ አልፈቀደም። ለአሥራ ሁለት ዛፍ ሲካፈል ምላስ ማርጠቢያ ብቻ ሆነ። በስምንተኛው ቀን የሁሉም ቅጠል ተጠቀለለ።

«አምስቱን እንተዋቸው» አለች።

«ምን?»

«ለሰባቱ ይበቃል፤ ለአሥራ ሁለቱ አይበቃም።»

«እኔ ተክዬ ያሳደግኳቸውን! ለሁሉም ትንሽ ትንሽ...»

«ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አይቻለሁ አያ፣ መንገድ ላይ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማንም አልተረፈም።»

ዳምጤ መንገድ ላይ ስለቀሩት ልጆቿ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ነግራው አታውቅም። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ተነሳና እያነከሰ በዛፎቹ መካከል ዞረ፤ አምስቱን አንድ በአንድ በእጁ ነካቸው። የመጨረሻዋ አሮጌዋ ነበረች፤ በመጀመሪያው ዓመት የተከላት።

የአምስቱን ፍሬ ጥሬውንም ሳይቀር ለቀሙት። በማግስቱ ወደ መጠለያው ሸጊቱ ብስክሌቷን እየገፋች፣ እሱ የኋላ መጫኛዋን ተደግፎ እያነከሰ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ «ጉድጓድ አለ፣ ወደ ግራ፣ ሰንሰለቷን አታስጩሂ» ሲላት፣ መሃል ላይ አቁማ «ወይ አንተ ግፋ፣ ወይ ዝም በል» አለችው። ሳፊያ ሎሚውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። «የሚቀጥለውስ?» ብላ ጠየቀች። ዳምጤ ጎንበስ ብሎ የብስክሌቷን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሸጊቱ የአሮጌዋ ዛፍ ሥር እርጥብ ሆኖ አገኘችው። አንድ ጣሳ የሚሆን። ወንድሟን አየችው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«የምትጠጣውን ነው የምታፈስላት?»

«አልጠማኝም።»

«ጠጣ።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ፊቴ ጠጣ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳው ባዶ እስኪሆን ራሱ ላይ ትቆምበት ነበር፤ ውሃው በጉሮሮው ሲወርድ ካላየች አትሄድም።

ናፍጣው በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣ። ፓምፑ ሲያስል ከሩቅ ተሰማ፤ ሸጊቱ ዶማዋን ይዛ ቦዩ አፍ ላይ ደረሰች። ውሃው ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጣ። ለአንደኛዋ ከፈተች፣ ለሁለተኛዋ ከፈተች። ሰባቱም በሕይወት አሉ፤ ቅጠላቸው ተራግፎ ከስተዋል እንጂ ቅርንጫፋቸው ሲጫር ውስጡ አረንጓዴ ነው። ከአምስቱ ግን አንዷም የለችም። የአሮጌዋን ቅርፊት በጥፍሯ ፋቀችው፤ እንደ አጥንት ደርቋል።

«ለሰባተኛዋ ደረሰ?» አለ ዳምጤ ከማንጎው ሥር።

«ደረሰ።»

«ለአሮጌዋስ?»

«ሞታለች አያ። ፋቄ አይቻታለሁ።»

«ቢሆንም።»

«ለደረቅ እንጨት ነው ውሃ የማጠጣው? በዚህ ዘመን?»

«ቢሆንም፣ እታለም።»

ሸጊቱ ዶማዋን ተደግፋ ቆመች። ሽበቱን፣ የታሰረ ጉልበቱን፣ ሞኝ ፊቱን አየች። «እግዜር ይይልህ፤ ምን ዓይነት ሰው ነህ!» አለችና፣ እያጉረመረመች፣ ወደ አሮጌዋ የሚወስደውን ቦይ የዘጋውን አፈር በዶማዋ ናደችው።