ሁለት ቶን ዝቅ ብሎ

ደወሏ ይሏት ነበር። ስሟን የሚያውቁት እንኳ በስሟ አይጠሯትም። በወጣትነቷ ያለ ማይክሮፎን ስትዘፍን የአዳራሹ መስታወት ሲንቀጠቀጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከኋላዋ ፒያኖ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ኖታ ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። እሷ ግን "ጆሮህ ካነበበው ዓይንህ ምን ይሠራልሃል?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ አስራ ዘጠኝ ዓመት መድረክ አልረገጠችም። ባሏን አስታመመች፣ ቀበረች፤ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እያቀበለች ልጇን አሳደገች። አንድ ቀን አንድ አዘጋጅ መጥቶ በትልቁ አዳራሽ እንድትዘፍን ጠየቃት። ወዲያው ደወለችልኝ።

"ና እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ ጣቶችህ ካልዛጉ!"

ልምምዱን ሳሎኗ ውስጥ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን የታወቀችበትን ዘፈን አነሳን። ከፍ የሚለው ስንኝ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ። መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ስታነሳው ደም ነክቶታል።

ልጇ ነርስ ናት፤ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሲመለሱ ልጅቷ በር ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ።

"ጋሼ፣ የድምፅ አውታሯ አብጧል። ዝቅ አድርጋ ብትዘፍን ግድ የለም። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋ ከጮኸች ግን መናገርም ሊቀርባት ይችላል ተብሏል።"

"እሷስ ሰማች?"

"ሰማች። 'ሐኪም ስለ ዘፈን ምን ያውቃል!' አለችው።"

ዝቅ እናድርገው ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ለእሷ ዘፈን ማውረድ አንገት መድፋት ነው። ስለዚህ ሳልነግራት የዘፈኑን የድምፅ ከፍታ በፒያኖው ግማሽ ቶን አወረድኩት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስለምትዘፍን ጣቶቼን አታይም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሌላ ግማሽ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሙሉ ቶን ወረድን። ያን ጊዜ ያንን ስንኝ ያለ ጭንቅ ወጣችው።

"ሰማህ? ተመለሰ እኮ!" ብላ እጇን አጨበጨበች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔም አብሬያት አጨበጨብኩ።

አዘጋጁ አስራ አራት ወጣቶች ያሉበት ባንድ ቀጠረ። እኔ ለልምምድ ብቻ ነበርኩ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ስለ ቶኑ ልነግረው የባንዱ መሪ ዘንድ ብሄድ "አባባ፣ ሁሉም አልቋል፤ እርስዎ ይረፉ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ክብሬ ተነካና ሳልናገር ወጣሁ። ከባንዱ ጋር የሚደረገውን ልምምድ ደግሞ እሷ ድምፄን ልቆጥብ ብላ ቀረች። ፎቶግራፏ በየግድግዳው ተለጠፈ። ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

በዝግጅቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባዶው መድረክ ላይ ወጥቼ የዚያን ዘፈን ኖታ ገለጥኩ። ከድሮው ሸክላ የተቀዳ ነው፤ በድሮው ቶን። መሪውን ሮጬ ያዝኩት።

"ለአስራ አራት ሰው አሁን እንደገና ልጻፍ? በሩ ሊከፈት ነው!"

"እንግዲያው ዘፈኑ ይቅር።"

"ሕዝቡ ለምን የመጣ መሰለዎት?"

የቀረኝ ለእሷ መናገር ብቻ ነበር። መስታወት ፊት ጉትቻዋን ስታደርግ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ስንት?"

"ሁለት ሙሉ ቶን።"

"ታዲያ ያን ቀን የምታጨበጭበው ለማን ነበር?"

"እግርሽ ላይ እወድቃለሁ፣ ያንን ዘፈን ተዪው" አልኳት።

"እግሬን ተወው፤ ልሄድበት ነው" አለችና ጉትቻዋን ቆለፈች። "ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር።"

ሌሎቹን ዘፈኖች በደህና ተወጣቻቸው። ያ ዘፈን የመጨረሻው ነበር። መግቢያውን ስሰማ ቶኑ እንደ ተራራ ሆኖ ታየኝ። ከመጋረጃው ኋላ ከልጇ ጋር ቆሜ ያንን ስንኝ ጠበቅኩ። ደረሰች። ወጣችው፤ ሙሉውን፣ ሳትሰስት፣ እንደ ድሮዋ። አዳራሹ ብድግ አለ። ለሚቀጥለው ስንኝ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ሕዝቡ ሆን ብላ የተወችለት መስሎት በደስታ ተቀብሎ ዘፈነ። እሷም ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ አዞረችና እስከ መጨረሻው ቆመች።

ወደ እኛ ስትመጣ ልጇ "እማዬ! ተናገሪ እስቲ!" እያለች ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጅቷ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። ደወሏ የኮቴን ኮሌታ ጨምድዳ ወደ ራሷ ጎተተችኝ። በከንፈሯ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ "በድሮው ቶን ነበር?" አለችኝ።

"በድሮው ነበር" አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝና ኮሌታዬን ለቀቀች።