ወራጅ አለ

ቦሌ ላይ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነበረኝ። ታክሲ ውስጥ። መገናኛ ተሳፍሬ መስኮቱ ጋ ከተቀመጥኩ ሆቴሌ ይከፈታል፤ እንግዳ እቀበላለሁ፣ ሼፍ እቆጣለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም የድሮ ፍቅረኛዬ ሥራ ፍለጋ መጣ። «ሲቪህን አስቀምጥና ሂድ» ልለው አፌን ስከፍት ረዳቱ፣ «እህት፣ መጨረሻ ነው፤ አትወርጂም?» አለኝ። አያት ደርሻለሁ። መውረድ የነበረብኝ ሲኤምሲ ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት እየጠበቀችኝ።

አንዴ ቢሆን ምን ነበር! ነጋ ጠባ ሆነ። ኤርፖርት አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ በሰዓቱ እወጣለሁ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ። ተመልሼ ስደርስ ልጄ የጥበቃው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ብቻዋን ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። በኋላ «ዛሬስ የት ሄድሽ?» ትለኝ ጀመር። ከዚያ እሱንም ተወችው። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስላት «ምንም» ብቻ። የአምስት ዓመት ልጅ! ልጄ በቁሜ ልትርቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ። ሲጮህ የሆቴሉ ስልክ መስሎኝ ዘጋሁት።

መላው የመጣው ሳላስበው ነው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ጉርድ ሾላ ላይ «ወራጅ» ቢሉ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ንድድ አለኝና፣ «ወራጅ አለ! አባባ ይወርዳሉ፣ አትሰማም እንዴ?» ብዬ ረዳቱ ላይ ጮህኩ። «ተባረኪ ልጄ» ብለውኝ ወረዱ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ለማይሰማ ሰው ሁሉ የምጮህ እኔ ሆንኩ። ማን ዕቃውን እንደሰበሰበ፣ ማን እንደተቁነጠነጠ ስከታተል ሆቴሉን ማን ያስተዳድረው? ረዳቶቹ፣ «እህቴ፣ አንቺ በሩን ያዢ፣ እኔ ልቀመጥ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ልጆቹ እየተንጋጉ ወደየወላጆቻቸው ሮጡ። የእኔዋ ወደ በሩ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ቀጥ ብላ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን አቀፈች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ደንግጣ አየችኝ። «ዛሬ የትም አልሄድሽም?»

«የትም።»

ከዚያ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ጣል አደረገችና፣ «እማ፣ ዛሬ እኮ ያቺ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እርሳሴን ሰበረችብኝ...» ብላ ጀመረች። እፎይ! ቤት እስክንደርስ አላባራችም፤ እኔንም አንድ ቃል አላመለጠኝም።